ቀለብ ፍለጋ ከአዳማ እስከ ብልባላ

ቅዳሜ፣ መነሻ

አዳማ ውስጥ ከአንድ ፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ክስ፣ የሰው ውርስ፣ የሰው ፍቺ ስገለብጥ ኖሬ፣ አንድ ቀን የራሴን ቤት ጉዳይ ተሸክሜ መንገድ እወጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ወጣሁ። ጉዳዩ የልጅ ልጄ የቤዛ ቀለብ ነው።

ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጄ ሂሩትና ፈንታው የሚባል የላስታ ሰው አዳማ ላይ ተጋቡ፣ ቤዛን ወለዱ፣ ከዚያ አልስማማ ብለው በፍርድ ቤት ተፋቱ። ፈንታው ግንበኛ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ቁጥብ። ፍርድ ቤቱ በየወሩ ሦስት ሺህ ብር ለልጁ ቀለብ እንዲቆርጥ ወሰነበት፤ አንድ ዓመት ያህል ሳያጓድል ከፈለ። በኋላ አባቱ ሞቱና አገሩ ገባ። እንደገባ ቀረ። ስልኩም ጠፋ፣ ቀለቡም ጠፋ። ይኸው አስራ አራት ወር ሆነው።

ሂሩት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራለች። ደመወዟ የቤት ኪራይ ከፍሎ ትምህርት ቤት በር ላይ ያልቃል። ነሐሴ ላይ ፓስፖርት አወጣች፤ ቤይሩት የሚልክ ደላላም አገኘች። «ቤዛን አንቺ ጋ ትቼ ሁለት ዓመት ብቻ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ብለው ሄደው አስር ዓመት የቀሩ የሰፈር ልጆችን አውቃለሁ፤ የብዙዎቹን ፓስፖርት ኮፒ ያደረግሁት እኔ ነኝ። «እስከ ኅዳር ሚካኤል ጊዜ ስጪኝ። ሰውየውን አግኝቼ ካላስከፈልኩልሽ ትሄጃለሽ፤ አልከለክልሽም» አልኳት። እሷም ለደላላው ይህንኑ ነገረችው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለኝም።

ብዙ ሰው ክልል ሲለያይ ፍርድም ድንበር ላይ የሚቆም ይመስለዋል። አይቆምም። የፈረደው ፍርድ ቤት ባለዕዳው ላለበት ፍርድ ቤት «በእኔ ውክልና አስፈጽምልኝ» ብሎ ይጽፋል። የእኛ ፍርድ የኦሮሚያ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ ነው የተጻፈው፤ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ተፈርሞና ማህተም ተመቶበት ላሊበላ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ሰኔ ላይ ሄዷል። ከዚያ የመጣው መልስ ግን «ተጠሪው በአድራሻው አልተገኘም» የሚል ብቻ ሆነ። የግንበኛ ደመወዝ መዝገብ ላይ የለ፣ ከየት ይቆረጣል? ሰውየው ራሱ መገኘት አለበት።

ሂሩት ፈቃድ ስለማታገኝ የውክልና ሥልጣን ሰጠችኝ። እያንዳንዱን ወረቀት አምስት አምስት ኮፒ አድርጌ በፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩን በፌስታል፣ ፌስታሉን በቦርሳ ከተትኩት። ቤዛ ቦርሳውን አንስታ መዘነችና «እማማ፣ ልብስሽስ የት አለ?» አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም እንጂ ምላሷ ስለት ነው። የዚያን ቀን አዲስ አበባ ገብቼ አደርኩ።

እሑድ፣ እስከ ደሴ

አውቶቡሱ ሊነጋጋ ሲል ተነሣ። እስከ ደሴ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው። በዚህ መስመር ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ ነው፤ ሾፌሩም «እስካሁን ክፍት ነው» ይላል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። ደብረ ብርሃን ላይ ጣቴ እስኪደነዝዝ በረደኝ። ጣርማ በር በጭጋግ ተውጦ መንገዱ የሚታየው ከጎማው ሥር ብቻ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ካፖርቴን፣ ሹራቤን፣ ነጠላዬን ተራ በተራ አወለቅሁ።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ለምን ጉዳይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከሚሴ ሳንደርስ አውቶቡሱ ሙሉ ሰምቷል። ከኋላ አንድ ሰውዬ «እዛው ትዳር ይዞ ይሆናል፤ ተዉት» አለ። ከፊት አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ «ትዳር ቢይዝስ? ልጅቷ መብላት ታቆማለች?» ብላ ተነሣችበት። ረዳቱ ሳይቀር ፈረደ፤ እሱ እንደሚለው ፈንታው እስር ቤት መግባት አለበት። «እስር ቤት ሆኖ ከምኑ ይከፍላል?» አልኩት። አሰበበትና ሂሳብ ወደ መሰብሰቡ ተመለሰ። ደሴ ስንገባ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። አምስት መቶ ብር ከፍዬ ንጹሕ አልጋና ሁለት ብርድ ልብስ አገኘሁ።

ሰኞ፣ ወደ ላሊበላ

ሐይቅን አልፈን መርሳ ላይ ሚኒባሱ ለቁርስ ቆመ። ብርቱካን ከምትሸጥ አንዲት ሴት ኪሎ ገዛሁ። በትንሿ ሚዛኗ ስትመዝን «ኸየት ነው መንገዱ?» አለችኝ። ከአዳማ መሆኔን፣ የልጅ ቀለብ ፍለጋ መሆኑንም ነገርኳት።

«ላስታ ድረስ? ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«ወላሂ ጀግና ነዎት» አለችና ሁለት ብርቱካን ጨመረችልኝ። «ለልጅቷ ነው። የሷን ሐቅ በልቶ የሚከብር የለም፤ አላህ ያቅናልዎ።» ብርቱካኖቹን ለቤዛ ላቆያቸው ብዬ ነበር፤ ጋሸና ሳልደርስ በላኋቸው። የመንገድ ነገር።

ወልድያ ላይ መኪና ለወጥኩ፤ እስከ ላሊበላ ስድስት መቶ ብር። ከወልድያ በኋላ መንገዱ ተራራውን እየዞረ ይወጣል፤ ጆሮዬ ተደፈነ፣ አንዲት እናት ደግሞ ሕፃን ልጇ ደህና ሆኖ እሷን አስመለሳት። አናቱ ላይ ስንደርስ ግን ሜዳው ወለል አለ፤ ገብሱ ደርቆ ወርቅ መስሏል፣ ቦታ ቦታ አጨዳው ተጀምሯል። ጋሸና ላይ ግማሹ ተሳፋሪ ወረደ፤ ከፊሉ ወደ ኮን፣ ከፊሉ ወደ ፍላቂት ሊሄድ። እኔ ሞቅ ያለ ሽሮ በመቶ ሰባ ብር በላሁና ቀሪውን ቁልቁለት ወረድኩ። ማታ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላሊበላ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ መዝገብ ቤት

ፍርድ ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ የመጀመሪያዋ ነበርኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ወጣት፣ ፈጣን፣ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች ናት። መዝገቡን ወዲያው አገኘችው። ትርጉሙ ላይ የሁለቱን ገጽ መጋጠሚያ የሚይዝ ማህተም መኖሩን ገልጣ አየችና «ይቺን ማን አስታወሳችሁ?» አለች። እኔ ነኝ ያስታወስኩት። ደረቴን ነፋሁ።

መጥሪያ የሚያደርሰው ሠራተኛ ሲሳይ ይባላል፤ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ እግሩ ቀጭን፣ ሳቁ ሰፊ ሰው ነው። «ብልባላ፣ አገሩ ድረስ፣ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ እትዬ አስካለ። ሁለቱንም ጊዜ ‹ወደ ቆላ ወርዷል› ተባልኩ። መልኩን አላውቀውም፤ ያናገረኝ እሱ ራሱ ቢሆንም አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ይገኛል?»

ሲሳይ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «አሁን እንኳ ይገኛል። ብልባላ አክስት አለችኝ፤ የሚካኤል ማህበርተኛ ናት። ፈንታውም እዚያው ማህበር ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ጽዋውን የተቀበለው እሱ ነው፤ የፊታችን ሐሙስ ደጋሹ እሱ ነው ማለት ነው። ሰው ኸመጥሪያ ይሸሻል፤ ጽዋ ተቀብሎ ግን አይሸሽም።»

ለማያውቅ ልንገር። ማህበር ማለት በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ በተራ የሚደግሱ ቤተሰቦች ስብስብ ነው፤ ጽዋው ባለተራው ቤት ወር ይቆይና ወደሚቀጥለው ይተላለፋል። ሲሳይ ያወጣው ዕቅድ ይህ ነው፤ በበዓሉ ቀን መጥሪያ መስጠት ነውር ስለሆነ ዓርብ ጠዋት ይሰጠዋል፤ እኔ ደግሞ አክስቱ ቤት አድሬ ሰውየውን ለይቼ አሳየዋለሁ። እስከዚያ ለማንም አልናገርም። እሺ አልኩ። ማታ ላይ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኜ ሳየው ዕድሜዬን ሙሉ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያየሁት ነገር እውነት መሆኑ ገርሞኝ ቆምኩ። ከዚያ እግሬ ስለደከመ ገብቼ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ወደ ብልባላ

ከሲሳይ ጋር በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረን ወጣን። ከዋናው መንገድ ወደ አክስቱ ቤት ያለውን በእግር ነው፤ «ቅርብ ነው» አለኝ፤ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የላስታ ሰው ቅርብ ሲል ዕቃ መቀነስ እንደሚያስፈልግ ተማርኩ። ቦርሳዬን ከዚያ ወዲያ ሲሳይ ያዘው። መንገዱ ዳር አደይ አበባ እየረገፈ ነው፣ ንቡ ይጮኻል፤ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ነው። ሲሳይ ፈንታውም አስራ አንድ ቀፎ እንዳለው ነገረኝ። አስራ አንድ! ልክ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ቁጥሩን በልቤ ያዝኩት።

አክስቱ ወይዘሮ ዙፋን ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሴት ናቸው። ክብ የድንጋይ ቤታቸው ውስጥ ምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝ። እግሬን በሙቅ ውሃ ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ፤ አሸነፉኝ። «ጉዳይ አለኝ» ከማለቴ በላይ አልጠየቁኝም። ሲሳይ ሌላ መጥሪያ ስላለው ዓርብ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ሐሙስ፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወይዘሮ ዙፋን «ነይ እንሂድ ወደ ማህበሩ» አሉኝ። እዚሁ ልቆይ አልኳቸው። «በሚካኤል ቀን እንግዳዬን ኸቤት ቆልፌባት ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል!» ዝም ብዬ ገብቼ፣ ጥግ ይዤ፣ ዝም ብዬ እወጣለሁ ብዬ ተከተልኳቸው።

የፈንታው ቤት አዲስ ነው፤ ድንጋዩ የተጠረበው በእሱ እጅ እንደሆነ ገና ከሩቅ ያስታውቃል። ውስጡ ሰው ሞልቶታል፣ ዳቦው ተደርድሯል፣ ጠላው በጋን ቆሟል። ከጓዳ ብቅ ሲል አየኝ። ከስቷል፤ ጢም አብቅሏል። የያዘውን ሳህን አስቀመጠ። እንግዳ ነኝና ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ አስካለ» አለኝ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ዙፋን።

«አዳማ ሳለ አውቀዋለሁ» አልኩ። ውሸት የለበትም።

የማህበሩ አባት ቄስ ኪሮስ ጸሎቱን ጀመሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምጻቸው ግን ቤቱን ይሞላዋል። የማህበርተኛውን ልጆች ሁሉ በክርስትና ስማቸው እየጠሩ ጸለዩላቸው። መሐል ላይ «ወለተ ሚካኤል» ሲሉ ደነገጥኩ፤ የቤዛ የክርስትና ስሟ ነው። ብዙ ወለተ ሚካኤል አለ ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ከዚያ ጽዋው የተሸፈነበትን ነጭ ጨርቅ ገልጠው ባረኩት። ከጽዋው እየተቀዳ በትንሽ ዋንጫ ለያንዳንዱ ሰው ይሰጣል፤ የሚያዞረው ደጋሹ ነው።

እኔ አስር ዓመት ሙሉ ጨጓራ ያሠቃየኛል፤ ጠላ በሐኪም ተከልክያለሁ። አዳማ ላይ መጠጥ ሲመጣልኝ እጄን አነሣለሁ፣ ያልፉኛል፣ አለቀ። ፈንታው ዋንጫውን ይዞ ፊቴ ሲቆምም እንደለመድኩት እጄን አንሥቼ «እኔ ይቅርብኝ» አልኩ፤ ዋንጫውንም በጣቴ ወደሱ መለስ አደረግሁት።

ወይዘሮ ዙፋን ሊጠጡ ያነሡትን ዋንጫ አወረዱ። በሩ አጠገብ የነበሩ ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

«ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?» አሉ ቄስ ኪሮስ።

«ደህና ነኝ፣ አባ። ጨጓራ አለብኝ፤ ጠላ አይስማማኝም።»

«ጨጓራ ኸሆነ ከንፈርሽን ብታስነኪው ይበቃል፤ ሚካኤል አይቀየምም። ነገር ግን ኸኛ ማህበር ጽዋ የመለሰ ሰው ከደጋሹ ጋር ቂም አለኝ ማለቱ ነው። ቂም ካለ ጽዋው አይዞርም፤ ነገሩ እስኪበርድ እዚያው ይቆማል። አላወቅሽ ይሆናል። ስለዚህ ልጠይቅሽ፤ ከጨጓራሽ ሌላ ነገር የለም?»

ቀላል ነበር። «የለም» ብዬ፣ ከንፈሬን አስነክቼ፣ ዓርብን መጠበቅ። ዕቅዱም ያ ነበር። ፈንታውን ቀና ብዬ አየሁት፤ ዓይኑ «የለም ይበሉ» ብሎ ይለምነኛል። ልለው ነበር። ግን በዚያው ስም የምትጠራው ቤዛ በየዕለቱ እናቷ ጥላት እንዳትሄድ ትጸልያለች፤ እኔ እዚህ፣ በታቦቱ ቀን፣ ነገር የለም ብዬ ልዋሽ?

«አለ፣ አባ» አልኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ፍርዱን፣ አስራ አራቱን ወር፣ የጠፋውን ስልክ፣ ቤይሩትን። ስጀምር እየለመንኩ ነበር፤ ስጨርስ ተቆጥቼ ነበር። ፈንታው ዋንጫውን እንደያዘ ቆሟል፤ የሚያስቀምጥበት ጠፍቶታል።

«ፈንታው!» አሉ ወይዘሮ ዙፋን። «ወለተ ሚካኤልን ነው? በየወሩ ስሟን የምንጠራላትን? በየወሩ እልካለሁ አላልከንም?»

«ብያለሁ» አለ ፈንታው። ተቀመጠ፤ ሰው ተጠጋለት። «መጀመሪያ የአባቴ ተዝካር መጣና ሁለት ወር አለፈኝ። ባንድ ላይ እልካለሁ አልኩ። ሲከማች አፈርኩ። ሳፍር ስልኬን ቀየርኩ። በኋላ አንድ ሰው ‹የአዳማ ፍርድ ክልል ተሻግሮ አይመጣም› ሲለኝ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ አባ፣ ደስ አለኝ። ለእናንተ ግን እልካለሁ እያልኩ፣ ስሟ ሲጠራ አሜን እያልኩ...»

ቄስ ኪሮስ ነጩን ጨርቅ አንሥተው ጽዋውን መልሰው ሸፈኑት። ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ ማህበሩ ወደ ሸንጎ ተለወጠ። አንድ ሽማግሌ «ያለፈውን ግማሹን ይማሩትና የወደፊቱን ይክፈል» አሉ። ደሜ ፈላ።

«የእኔ ገንዘብ ቢሆን እምረው ነበር፣ አባቴ። የእኔ አይደለም፤ የሂሩትም አይደለም። የልጅቷ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሷን ጠይቀው ይማሩ።»

ሌላው «ደግ ነው፤ እኛ ዋስ እንሁንና መዝገቡን ኸፍርድ ቤት አንሺው» አለ። ዋስነታቸውን እንደምወድ ነገርኳቸው፤ መዝገቡን ግን አላነሣም። «ቃላችሁን አምናለሁ። ማህተም ያረፈበት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ አምናለሁ» ስላቸው ሳቁ፤ ቤቱ ትንሽ ቀለለ።

በመጨረሻ ቄስ ኪሮስ ተናገሩ። «ማሩ ተቆርጧል፤ ካለፈው ዕዳ ሲሶውን በዚህ ሳምንት ይከፍላል፤ ቀሪውን እስኪጨርስ በየመኸሩ። ሁለት ሰው ዋስ ይሁነው። እኔም ነገ ፍርድ ቤት አብሬ እወርዳለሁ። የየወሩ ደግሞ እንዲህ ይሁን፤ እኛ በየወሩ እንገናኛለን፤ በሚካኤል ዕለት ጽዋው ሳይገለጥ የልጅቷ ይላክ። እናቷ ደረሰኝ እስክትል ተሸፍኖ ይቆያል።»

«ኔትወርክ ባይኖርስ፣ አባ?» አለ አንዱ።

«እንጠብቃለና!»

ፈንታው ተነሥቶ የቄሱን መስቀል ተሳለመ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴን ሊይዝ ሲጎነበስ በትከሻው ያዝኩት። ጨርቁ ተገለጠ። ዋንጫውን ሲያመጣልኝ ከንፈር ማስነካት ብቻ አልሆነልኝም፤ ተጎነጨሁ። ጨጓራዬ ሁለት ቀን ሙሉ አልማረኝም።

ዓርብ፣ ችሎት

ሲሳይ ጠዋት መጥሪያውን ይዞ ሲመጣ ፈንታው በር ላይ ሆኖ ተቀበለው፤ ፈረመለት።

«ሦስተኛ ጊዜ መመላለሴ ነው፣ ወንድሜ» አለው ሲሳይ።

«ያኔም እቤት ነበርኩ» አለ ፈንታው፣ አፍሮ። ሲሳይ ሳቀና መጥሪያው ላይ ሰዓቱን ጻፈ።

ቄስ ኪሮስ በበቅሎ፣ እኛና ሁለቱ ዋሶች በእግር፣ ወደ መኪናው መንገድ ወረድን። ፈንታው ቦርሳዬን ተሸክሞ አጠገቤ ይሄዳል። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «ጥርሷ ወልቋል?» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶዋን አሳየሁት፤ የፊት ሁለቱ ወልቀው በድዷ ትስቃለች። ቆሞ ሲያየው ቆየ። ቁመቷን ጠየቀኝ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቀኝ፣ ስለሱ ትጠይቅ እንደሆነ ግን ለመጠየቅ አልደፈረም። አሳዘነኝ። ማሳዘኑ ደግሞ አናደደኝ፤ አስራ አራት ወር ሙሉ ስረግመው የቆየሁት ሰው ነው።

ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። መዝገቡን አገላብጣ ፈንታውን ዕዳውን ያምን እንደሆነ ጠየቀችው። «አምናለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ የተስማሙበትን ቃል በቃል አስመዘገበች፤ ዋሶቹ ፈረሙ። ለቄሱም ለእኔም በሚገባን አማርኛ አስረዳችን፤ መዝገቡ እዚሁ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ አንድ ወር ቢያጓድል ሂሩት ላሊበላ ድረስ መምጣት አያስፈልጋትም፣ ከአዳማ ማመልከቻ መላክ ይበቃታል፣ ዋሶቹም ይጠየቃሉ። የትእዛዙ ግልባጭ ለአዳማ ፍርድ ቤት እንዲላክ አዘዘች። ከሰዓት በኋላ ፈንታው ጭኖ ያመጣውን ማር ለአንድ ነጋዴ አስረክቦ ሲሶውን በባንክ አስገባ፤ ደረሰኙን በእጄ ሰጠኝ።

ኮፒ ለማድረግ በር ላይ ያለችው ሱቅ ገባሁ። ገጹን አስር ብር! አዳማ በአምስት ብር እያደረግሁ ሰው ይጮህብኛል። ቀለሙም ደብዛዛ ነበር፤ ግን ልጅቷ ትሁት ስለሆነች ሳልከራከር ከፈልኩ።

መመለሻ

ቅዳሜ ተነሥቼ ሰኞ ማታ አዳማ ገባሁ። ከወይዘሮ ዙፋን የተሰጠኝን ማር ቤዛ በማንኪያ ስትበላ፣ ሂሩት የትእዛዙን ግልባጭ ሁለቴ አነበበች። «ጥሩ ነው፣ እማዬ» አለች። ለደላላው ግን አልደወለችም። ፈንታው አንድ ጊዜ መክፈልማ ድሮም ያውቅበታል፤ ወሩን ልይ አለች። አልፈረድኩባትም።

አስራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ካለ ሁሉ አለ ብዬ ኖሬያለሁ። የቤዛ ወረቀት ግን ምንም ሳይጎድለው አራት ወር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ያነቃቁት ሰውየውን የሚያውቁት፣ እሱም የሚያፍራቸው ሰዎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ያለ ወረቀቱ ግማሹን ሊያስምሩኝ ነበር። አሁን ሱቄ ውስጥ የቀለብ ፍርድ ይዛ የምትመጣ ሴት ካለች ኮፒውን ካደረግሁላት በኋላ «ሰውየው ማንን ያፍራል?» ብዬ እጠይቃታለሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሂሩት የማታ ፈረቃ ስለነበረባት ጠዋቱን ሱቅ ዋለች። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ምንም የለም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። ቄስ ኪሮስ ናቸው።

«ልጄ፣ ገንዘቡ ደረሳችሁ ወይ? ፈንታው ልኬያለሁ ይላል፤ መልሱ ግን አልመጣለትም። ጽዋው እንደተሸፈነ ነው፤ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሏል።»

ሂሩትን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

«አልደረሰም፣ አባ።»

«እንጠብቃለን» አሉ፤ ስልኩንም አልዘጉትም። ድምጹን ከፍ አድርጌ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ሲያስል ይሰማል፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል፣ ወይዘሮ ዙፋን ሲቆጡ ይሰማል። አንድ ደንበኛ «ኮፒዬስ?» አለኝ። «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኩት። እሱም ነገሩ ሳይገባው መጠበቅ ጀመረ። ሂሩት ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

መልእክቱ ገባ። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወደ እኔ ስልክ ጎንበስ አለች።

«ደርሷል፣ አባ። ሂሩት ነኝ፤ የወለተ ሚካኤል እናት። ደርሷል፤ ይጠጡ።»

ከወዲያ ማዶ ቤቱ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ፤ ማን ምን እንደሚል አይለይም። ሂሩት ፈገግ አለች። ስልኩን ለእኔ ትታ የራሷን ይዛ ወደ በሩ ወጣች፣ ደወለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ስትናገር ሰማኋት።

«ጤና ይስጥልኝ። ሂሩት ነኝ። ደግሜ አስቤበታለሁ፤ አልሄድም።»